የመንዟ እናት ጉበትና አንዲት ቀጭን መርፌ

ጉዳዩ እንዴት እጄ ገባ

ይህ የአንድ ታካሚ ታሪክ ነው። እንድጽፈው ፈቃድ ስጠይቃቸው «ስሜን ብቻ እንዳትጠራ፣ ሰው ይስቅብኛል» አሉኝ። ስለዚህ ስማቸውንም፣ ቀበሌያቸውንም፣ የሆስፒታሎቹንም ስም አላነሣም። እኔ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ታካሚዎቼ ግን ጋውን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ይላሉ። እኔም ማረሙን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

ታካሚዋ 46 ዓመታቸው ነው። ከመንዝ ደጋ ነው የመጡት። ባለቤታቸው ገብስ ያርሳሉ፤ ወደ ሃያ የሚጠጉ በጎች አሏቸው። ማታ ማታ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። የፈተሉት ባና ይሆናል፣ አንዳንዴም በርኖስ። ሁለት ውሾች አሉ። አንዱ ከበጎቹ ጋር ይውላል፣ ሌላው ደጃፍ ላይ ይተኛል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማሳመር አይደለም። ምርመራው እዚህ ውስጥ ነበር።

የመጡት በጥር ወር ነው። ሕመማቸውን ሲነግሩኝ «ከቀኝ ጎኔ በታች የሆነ ነገር ተሸክሜ የምዞር ይመስለኛል፤ ስጎነበስ ይቀድመኛል» አሉ። ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ካርዳቸውን ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ሦስት ጊዜ «ጨጓራ» ተብሎ ተጽፏል። የጨጓራ መድኃኒት፣ ከዚያ የባክቴሪያ መድኃኒት፣ ከዚያ ደግሞ የጨጓራ መድኃኒት። በአገራችን ጨጓራ የማይሸከመው ጥፋት የለም። በመሃል ጠበልም ሄደዋል።

ሆዳቸውን ስዳስስ ጉበታቸው ከጎድን አጥንት በታች ሦስት ጣት ያህል ወርዷል። ለስላሳ ነው። ስጫነው አላመማቸውም። ትኩሳት የለም፣ ዐይናቸው ቢጫ አልሆነም። ጨጓራ ደግሞ በእጅ አይጨበጥም። ወደ አልትራሳውንድ ላክኋቸው።

ስክሪኑ ላይ የታየው

የቀኙ ጉበት ላይ ትልቅ ጥቁር ክብ ነበር። ዲያሜትሩ 9 ሳንቲ ሜትር። ጥቁር ማለት ፈሳሽ ነው። ውስጡ ግን ባዶ አልነበረም። ውሃ ላይ የወደቀ ነጠላ የመሰለ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል። ታካሚዋ በጎናቸው ሲዞሩ አብሮ ተወዛወዘ።

ባልደረባዬ መጀመሪያ የጠረጠረው የጉበት መግል ነው። «መርፌ እናስገባና ምን እንደሆነ እንየው» አለ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ መግል ቢሆን ኖሮ መቅዳት ሕክምናው ነው። እኔ ግን ትኩሳት አለመኖሩ ከነከነኝ። ብልሃት አልነበረኝም። ስለ በጎቹ ሲያወሩኝ ስለነበር ብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«በግ ስታርዱ ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ታገኛላችሁ?»

«ሞልቶ! ቆርጠን ለውሻ ነዋ የምንጥለው» አሉ።

ነገሩ ሃይዳቲድ ሲስት የሚባል፣ ትል የሚያመጣው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነበር። አምጪው ኢኪኖኮከስ የሚባል፣ በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ትል ነው። እንቁላሉ በውሻው ዓይነ ምድር ይወጣል። ሣር ላይ፣ ውሃ ላይ፣ የውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። በጉ ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ ይቋጥርበታል። በጉ ሲታረድ ያ ቋጠሮ ለውሻ ይጣላል። ውሻው በልቶ ትል ያፈራል። ዙሩ እንደገና ይጀመራል። ሰው መሃል የሚገባው በስህተት ነው፤ ባልታጠበ እጅ፣ ባልታጠበ ጎመን፣ በሚጠጣ ውሃ። ከገባ በኋላ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል።

ያን ቀን ዝም ብለን መርፌ ብንሰካ ምን ይሆን ነበር? ምናልባት ምንም። ምናልባትም ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ፈስሶ፣ ሰውነት በድንገተኛ አለርጂ ተቆጥቶ፣ ታካሚዋ ጠረጴዛው ላይ ይወድቁ ነበር። የፈሰሰው ደግሞ ሆድ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ሲስት ሊዘራ ይችላል። መርፌው ሕክምና የሚሆነው ዝግጅት ሲኖረው ነው።

ቢላ ወይስ መርፌ

ደብረ ብርሃን ልከናቸው ሲቲ ስካን ተነሡ። ምርመራው ጸና። ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ትልቁ ልጃቸው አዲስ አበባ የቀን ሥራ ይሠራል፤ እሱም መጣ። ሁሉም የጠበቁት ኦፕራሲዮን ነው። እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሉት፦ «ሆዴ ከተከፈተ ያ ሁሉ በግ በማን ይጠበቃል?»

እዚህ ላይ ስለ ሃይዳቲድ ሲስት አንድ ቁልፍ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት አከፋፈል ሲስቱን በአልትራሳውንድ መልኩ ደረጃ ይሰጠዋል። ባለ አንድ ክፍልና ጥርት ያለ ውሃ የያዘ አለ። እንደ እኚህ እናት፣ የውስጥ ሽፋኑ ተላቆ የሚንሳፈፍ አለ። እንደ ማር እንጀራ ውስጡ በትንንሽ ሲስቶች የተሞላ አለ። ጠጥሮ፣ ኖራ መስሎ የሞተም አለ። ሕክምናው የሚለየው በዚህ ነው። ሆድ የሚከፈትለት አለ፣ መርፌ የሚበቃው አለ፣ ክኒን ብቻ የሚወስድ አለ፣ ጭራሽ የማይነካም አለ። የእሳቸው መርፌ ከሚቀበሉት ወገን ነበር።

መርፌው የኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ ሥራ ነው። ሐኪሙ ሆድ አይከፍትም። በአልትራሳውንድ፣ በሲቲ ወይም በኤክስሬይ ምስል እየተመራ ቀጭን መርፌና ቀጭን ቱቦ ያስገባል። መሠረቱን የጣለው ስዊድናዊው ሴልዲንገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 መጀመሪያ መርፌ፣ በመርፌው ውስጥ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ቱቦ የማስገባትን ዘዴ አሳየ። ዛሬም የሚሠራው በዚያው ነው። በ1964 ደግሞ አሜሪካዊው ቻርልስ ዶተር እግራቸው ይቆረጥ የተባሉ የ82 ዓመት አሮጊት ደም ሥር በቱቦ ከፈተ። አሮጊቷ እግራቸው ሳይቆረጥ ቀረ።

ዛሬ በዚህ መንገድ የሚታከመው ብዙ ነው። የጉበት መግል ይቀዳል። በጠጠር ወይም በዕጢ ተዘግቶ ያበጠ ኩላሊት ከጀርባ በኩል በቱቦ ይተነፍሳል። የሐሞት መንገድ ሲዘጋና ሰው ቢጫ ሲሆን በጎን በኩል ይከፈታል። ከወሊድ በኋላ አልቆም ያለ ደም፣ የሚደማው ደም ሥር ከውስጥ ተደፍኖ ይቆማል። ማዮማ የሚባለው ካንሰር ያልሆነ የማኅፀን ዕጢም ደሙ ተዘግቶበት ይኮማተራል። ሁሉም ቦታ ይገኛል ማለቴ አይደለም። እኛ ሆስፒታል ያለው አንድ አልትራሳውንድ ነው፤ እሱም መብራት ሲኖር።

ለሃይዳቲድ የሚሠራው ዘዴ አራት እርምጃ አለው። መውጋት፣ መምጠጥ፣ ትሉን የሚገድል ፈሳሽ ማስገባት፣ እንደገና መምጠጥ። በእንግሊዝኛ መነሻ ፊደሎቹ «ፔር» ይባላል። የጀመሩት በ1980ዎቹ አጋማሽ የቱኒዚያ ሐኪሞች ናቸው። በግ አርቢ አገር ስለሆነ አልገረመኝም።

ከመርፌው በፊት ያበላሸሁት

ከመርፌው በፊት አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል ክኒን መጀመር ግድ ነው። ፈሳሹ ጠብ ቢል እንኳ እንዳይዘራ ያግዛል። አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል በስልክ «ቢያንስ አንድ ሳምንት ወስደው ይምጡ» አለን። 400 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ጻፍኩላቸው። ሄዱ።

ወቅቱ ሁዳዴ ነው። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። አልቤንዳዞል ለአንጀት ትል ሲሆን እንዴት ተዋጠ ብሎ የሚጨነቅ የለም። ጉበት ውስጥ ላለ ሲስት ግን መድኃኒቱ ወደ ደም መግባት አለበት። የሚገባው ደግሞ ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። ልዩነቱ እስከ አምስት እጥፍ ይደርሳል። ይህን አውቃለሁ። አልነገርኳቸውም።

በስድስተኛው ቀን ልጃቸው ሌላ ነገር ሊጠይቀኝ ደወለ። እንደ ዘበት «እንዴት ነው የሚውጡት?» አልኩት። «ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ማታ ደግሞ ሲተኙ በውሃ» አለኝ። ስድስት ቀን ባከነ። ቀጠሮው ተራዘመ። የኔ ጥፋት ነው፤ ለሆስፒታሉም እንደዚያው ነገርኳቸው።

የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ። «ሕመምተኛ ነሽ፣ ጠዋትም ቅመሺ» አሏቸው። ወተትና ቅቤ ግን እሳቸው ራሳቸው እንቢ አሉ። «ዘይት ይበቃኛል» አሉ። ስለዚህ ጠዋት የሱፍ ፍትፍት፣ ማታ ዘይት በዛ ያለበት ሽሮ። ከክኒኑ ጋር። አንድ ሳምንት እንዲህ ሄደ። ሳይንሱ የሚያወራው ስለ ቅባት እንጂ ስለ ቅቤ አይደለም፤ ሁለቱም ሰላም አገኙ።

የጤና መድኑን ወረቀት ለማስተካከል ሦስት ቀን ፈጀብን። ሪፈሩ ደረጃውን ጠብቆ መሄድ አለበት። ይህን ክፍል አሳጥረዋለሁ፤ የገባበት ያውቀዋል።

የመርፌው ቀን

በእረፍቴ አብሬያቸው ሄድኩ። ከመንዝ ሲመጣ ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ ነው የወጣው። ደብረ ብርሃን አድረን በንጋታው አዲስ አበባ ገባን።

ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት የተደረደረውን ነው። ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን ተቀድቶ ተቀምጧል። የሰመመን ባለሙያ ቆሟል። በሁለቱም እጃቸው መስመር ተከፍቷል። ራዲዮሎጂስቱ መርፌውን ከማንሣቱ በፊት ለሁሉም ስለ አለርጂው ተናገረ። ወደ 6,000 የሚጠጉ እንዲህ ዓይነት ሕክምናዎች በተገመገሙበት አንድ ጥናት በአለርጂ የሞቱት ሁለት ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ትንሽ የሆነውም ዝግጅት ስላለ ነው።

ቆዳው በማደንዘዣ ደነዘዘ። መርፌው የገባው በአልትራሳውንድ እየታየ ነው። በቀጥታ በአቅራቢያው ባለው የሲስቱ ፊት አልወጋም። ጎን ሄዶ በጤነኛው ጉበት ውስጥ አቋርጦ ገባ። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ጉበቱ ራሱ ቀዳዳውን ይይዝልኛል» አለኝ። መርፌው ሲወጣ የጉበቱ ሥጋ ይገጥማል፤ ፈሳሹ ወደ ሆድ አያመልጥም።

ሲመጥ የወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው። እንደ ምንጭ ውሃ። ታካሚዋ ነቅተው ስለነበር አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት።

«ይሄ ነው ውስጤ የነበረው? ጠበል ይመስላል!» አሉ። ሲስተሯ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ቀጥሎ ያየሁት ነገር እስካሁን ያስደንቀኛል። ከፈሳሹ ጠብታ ወስደው በተራ የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ላይ አንጠባጠቡ። ቢሊሩቢን፣ ማለትም ሐሞት አለበት ወይ ነው ጥያቄው። ሲስቱ ከሐሞት መንገድ ጋር ከተገናኘ ትሉን የሚገድለው ፈሳሽ የሐሞት ቱቦዎችን ያቃጥላል። ሐሞት ቢገኝ ኖሮ እዚያው ያቆሙት ነበር። ያ የሳንቲሞች ዋጋ ያለው ወረቀት ነው ቀጥሉ ያላቸው። በኤክስሬይ ቀለም ጨምረውም አረጋገጡ።

የወጣው 350 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ከአንድ የለስላሳ ጠርሙስ ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ የወጣውን ሲሶ ያህል 20 በመቶ የጨው ውሃ ገባ። 15 ደቂቃ ተጠበቀ። በዝምታ። እንደገና ተመጠጠ። መርፌው ወጣ። ቆዳቸው ላይ የቀረው የትንኝ ንክሻ የሚያህል ነጥብ ነው፤ ፕላስተር ተለጠፈበት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረታቸውና ክንዳቸው ላይ ሽፍታ ወጣ። ማሳከክ ጀመራቸው። ግፊታቸው አልወረደም። የአለርጂ መድኃኒት በመስመር ተሰጣቸው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠፋ። አድሬናሊኑ አላስፈለገም። ለማንኛውም አደሩ። በንጋታው ሽሮ በልተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ

አልቤንዳዞሉ ለአንድ ወር ቀጠለ። በመሃል የደምና የጉበት ምርመራ ተደረገ፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ጉበትን ያስቆጣል፣ ነጭ የደም ሴልንም ያወርዳል። የእሳቸው ደህና ነበር።

ያልሠራው ክትትሉ ነው። የአንድ ሳምንቱ ቀጠሮ ሰሙነ ሕማማት ላይ ዋለ። አልመጡም። ስልካቸውም ዝግ ነበር። የአንድ ወሩ ላይ መጡና ሌላ ድንጋጤ ተፈጠረ። ሲስቱ ውስጥ እንደገና ትንሽ ፈሳሽ ታየ። ልጃቸው «ገንዘባችን ውሃ በላው» አለ። ራዲዮሎጂስቱን ደውዬ ምስሉን ላክሁለት። ከዚህ ሕክምና በኋላ ትንሽ ፈሳሽ መመለሱ የተለመደ ነው። የሚታየው መጠኑ እያነሰ፣ ውስጡ እየጠጠረ መሄዱ ነው። ያን ቀን 6 ሳንቲ ሜትር ነበር። ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ቢኖር ድንጋጤው አይኖርም ነበር። ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ።

መርፌ ያልተገባቸው

ወሬ መንዝ ላይ ከመኪና ይፈጥናል። በሁለተኛው ወር ጎረቤታቸው መጡ። «ለእሷ የወጋችኋትን ለእኔም» አሉ። የእሳቸው ሲስት ግን ባለ ብዙ ክፍል ነው፤ ያ የማር እንጀራው ዓይነት። አንዱን ብትወጋ ሌሎቹ ይቀራሉ። ደግሞ ጥርት ያለ ውሃ ብቻ አይደለም፤ መርፌው መምጠጥ የማይችለው ነገር ውስጡ አለ። ወደ ቀዶ ሐኪም ተላኩ፤ ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ዳኑ። ሁለት ወር ግን በግ አልጠበቁም።

የመጀመሪያዋን ታካሚ ባለቤትም አየናቸው። አንድ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ኖራ የመሰለ፣ የሞተ ሲስት ተገኘ። ምንም አያስፈልግም አልናቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ቢሉ ይበቃል። ቅር አላቸው። «ለእሷ አዲስ አበባ፣ ለእኔ ባዶ እጅ?» አሉ። ክኒን እንኳ ካልተሰጠ ታከምኩ የማይል ሰው አለ።

ለሌላ ቦታ የሚጠቅመው

በግ በሚረባበት አገር ትኩሳት የሌለው የጉበት እብጠት ከመጣ መርፌ ከማንሣት በፊት ስለ በግና ስለ ውሻ መጠየቅ ይገባል። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሦስት ጊዜ ጨጓራ የተባለ ሰው በአራተኛው ሆዱ ይዳሰስ።

አልትራሳውንድ ላይ «ሲስት» ብሎ ብቻ መጻፍ ለሪፈር አይበቃም። ውስጡ ምን ይመስላል፣ ሽፋን ይንሳፈፋል ወይ፣ ክፍል ክፍል ነው ወይ፣ ጠጥሯል ወይ ተብሎ መጻፍ አለበት። ታካሚው ወደ መርፌ ወይስ ወደ ቢላ እንደሚሄድ የሚወስነው ያ አንድ መስመር ነው። እኛ አሁን ስልክ ላይ ምስሉን አብረን እንልካለን። ሁለት ሰው ያለ ጥቅም አዲስ አበባ ከመሄድ ድኗል።

መድኃኒቱን ስጽፍ አሁን ከምን ጋር እንደሚዋጥ በአማርኛ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ። ጾም ከሆነ ዘይት እላለሁ። ለሴት ከሆነ እርግዝና እጠይቃለሁ፤ አልቤንዳዞል በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት አይሰጥም። ቀጠሮ ስሰጥም የቀን መቁጠሪያ አያለሁ፤ ሰሙነ ሕማማት ላይ መንዝን መቅጠር የራስ ጥፋት ነው።

ስለ ውሾቹ ግን ብዙ አልተሳካልኝም። ፕራዚኳንቴል በየጊዜው ቢሰጣቸው ትሉ ይሞታል። ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ስሄድ አንዴ አለ፣ ሁለቴ የለም ተብያለሁ። ስለዚህ ያለኝ አንድ ምክር ብቻ ነበር፦ ውሃ የቋጠረውን ጉበት ለውሻ አትስጡ፣ ቅበሩት።

መስከረም

በስድስተኛው ወር ተመልሰው መጡ። ሲስቱ 4.5 ሳንቲ ሜትር ሆኗል፤ ውስጡ ግራጫ፣ ጠጣር። ጎናቸው ላይ የነበረው ሸክም የለም። ጠጉር መፍተል ጀምረዋል። ገና ለዓመታት ክትትል አለባቸው፤ ነገርኳቸው፤ እሺ አሉ።

ከዚያ ወሬያቸውን አመጡ። ለእንቁጣጣሽ በግ አርደው ነበር። ጉበቱ ላይ ሁለት ውሃ የቋጠረ አገኙ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ሊጥሉት ሲሉ ጮኸው ከለከሉ። ጓሮ አስቆፍረው ቀበሩት።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ሌሊት ውሻው ቆፍሮ አወጣው።»

ጉድጓዱ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው ከክርናቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ አሳዩኝ።

«ለመስቀል ሌላ እናርዳለን» አሉ፣ «እሱን አቃጥለዋለሁ።»